ገብቶ መቀመጥ፣ ሰምቶ መናገር

ዲላ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ተማሪዎቹን በሚጠራበት ሰሞን የተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፖች እንቅልፍ የላቸውም። «ሰላም ቤተሰብ፣ ዲላ ይበርዳል እንዴ? ብርድ ልብስ ልያዝ?» ይላል አንዱ። ጥቂት ወደ ላይ ከፍ ብሎ ቢያነብ ያው ጥያቄ ከሩብ ሰዓት በፊት ተጠይቆ መልስ አግኝቷል። «ምዝገባ መቼ ነው?» ትላለች ሌላዋ፤ ማስታወቂያው ግሩፑ አናት ላይ ፒን ተደርጎ ተቀምጧል። ሦስተኛው ሰላምታ ሳያስቀድም ረጅም ቮይስ ይለቃል። አራተኛው ምንጩ የማይታወቅ ወሬ ፎርዋርድ ያደርጋል፦ «ጥሪው ተራዝሟል፣ እንዳትመጡ»። የአውቶቡስ ትኬት የቆረጠው ሁሉ ይደነግጣል። ጥያቄ ሲመልስ ያመሸ አንድ ሲኒየር ትዕግሥቱ ያልቅና «ማንበብ አትችሉም?» ብሎ ይጽፋል። የተነካው ይመልሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቃል ስለ ምዝገባ አይደለም፤ «አንተ ለመሆኑ ከየት ነህ?» ነው። ነገሩ ሲከር አድሚኑ ግሩፑን ይዘጋዋል። በማግስቱ ማለዳ ዲላ መናኸሪያ ወርዶ ወደ ግቢው በየት በኩል እንደሚኬድ ሊጠይቅ የፈለገ ልጅ መጻፍ አይችልም።

ከእነዚህ ልጆች መካከል ክፉ ልብ ይዞ የገባ አለ ብዬ አላምንም። አብዛኞቹ ዲላን አይተዋት አያውቁም፤ ከየክልሉ ተመድበው፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ስላለች ከተማ ስሟን ብቻ ሰምተው ነው የሚመጡት። ዩኒቨርሲቲው በ1989 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ሲጀምር፣ አዲስ ገቢ ተማሪ ግቢውን የሚያውቀው ከአውቶቡስ ሲወርድ ነበር። መንገድ ለመጠየቅ ሰው ፊት መቆም ነበረበት፤ የጠየቀውም ሰው ፊቱን፣ ድካሙንና ሻንጣውን እያየ ይመልስለት ነበር። ዛሬ ትውውቁ የሚጀመረው ሻንጣው ሳይዘጋጅ፣ ስልክ ላይ ነው። የጠያቂው ድካም አይታይም፤ የመላሹም መሰላቸት አይታይም።

ያው የዲላ ዙሪያ አገር ግን ሰው ወደ ሸንጎ እንዴት እንደሚገባ የሚያስተምር የቆየ ትምህርት ቤት አለው። ከዲላ ተነሥቶ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋጨፌ ለሚጓዝ ሰው የጌዴኦ ገጠር ከሩቅ ደን ይመስለዋል። ሲቀርቡት ሰው በብዛት የሰፈረበት አገር ነው፦ ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከዛፎቹ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ቡና፣ በመካከሉ ቤት። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ ባካሄደው 45ኛ ጉባኤው የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህን አኗኗር፣ የሥርዓት ማከናወኛ የሆኑትን ቅዱስ ደኖችና በሽማግሌዎች የሚጠበቁትን የጥንት ትክል ድንጋዮች አንድ ላይ ይዞ ነው። በዚህ አገር ሰዎች ክርክራቸውን የሚያመጡበት ቦታ ሶንጎ ይባላል።

ሶንጎ የሽማግሌዎች መቀመጫ ነው። ሀይቻ የሚባሉ አባቶች አሉት፤ ከበላዩም በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚያረካክበው «ባሌ» የተባለው የጌዴኦ የገዳ ሥርዓትና አባ ገዳው አሉ። ጎረቤት ከጎረቤት በወሰን ሲካሰስ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ የአንዱ ከብት የሌላውን እንሰት ሲያበላሽ፣ ስድብ የሰው ክብር ሲነካ ነገሩ ወደዚያ ይመጣል። በምርቃት ይከፈታል። ከሳሽ ይናገራል፣ ተከሳሽ ያዳምጣል፣ ከዚያ ተራው ይዞራል። ምስክር ይጠየቃል። ነገሩ ዛሬ ካልጠራ ለሌላ ቀን ይቀጠራል፤ ሽማግሌዎቹ እስኪስማሙ ድረስ ይመላለሱበታል። መጨረሻ ላይ ዕርቅ፣ ካሣ ወይም ቅጣት ይመጣል። የሶንጎን ቃል የሚረግጥ ሰው ከጎረቤት ኑሮ ሊገለል ይችላል፤ ሥራውም ሐዘኑም ደስታውም በጋራ በሆነበት አገር ይህ ከገንዘብ ቅጣት የከበደ ነው።

ሽማግሌዎቹ ዘንድ ለመቀመጥ አዲስ የሆነ ሰው የደንብ ወረቀት አይሰጠውም። ዳር ይዞ ይሰማል። ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ሰው ሰውን በምን አጠራር እንደሚጠራ፣ የተቆጣ ሰው ምን ተብሎ እንደሚበርድ፣ የማን ንግግር ለምን ተሰሚነት እንዳገኘ እያየ ይማራል። ቦታው ራሱ ያግዘዋል። ሁለት ሰው እኩል ቢናገር የሁለቱም ስለማይሰማ አንዱ ዝም ይላል። ተናጋሪው የሚወቅሰውን ሰው ዓይን እያየ ነው የሚወቅሰው። የተናገረው ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ነገ ገበያ ላይ ይገናኛሉ።

ግሩፕ ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም። ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ መጻፍ ይችላል፤ ፊት አይታይም፤ ስም እንኳ እውነተኛ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ሶንጎ ላይ ቦታው ለሰው ይሠራለት የነበረውን ሥራ፣ ስልክ ላይ ሰውየው ራሱ መሥራት አለበት። እኔ የአዲስ ገቢ ጨዋነት የምለው ይህንን ነው፤ ዝርዝሩ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ኢንተርኔትን የዘረጉት ሰዎችም ቀድመው ደርሰውበታል። በጥቅምት 1995 እ.ኤ.አ. የኢንቴል ባልደረባ ሳሊ ሃምብሪጅ ያዘጋጀችው፣ አርኤፍሲ 1855 የተባለው የመረብ ሥነ ሥርዓት መመሪያ ወጣ። አዲስ ሰው ወደ አንድ የውይይት መድረክ ሲገባ አንዳች ነገር ከመጻፉ በፊት ከአንድ እስከ ሁለት ወር እያነበበ እንዲቆይ ይመክራል። ስሜቱ የተነካ ሰው መልሱን ሌሊቱን አሳድሮ እንዲልከውም ይናገራል። መመሪያው ከባዶ አልተነሣም። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ዩዝኔት የሚባል የውይይት መረብ ነበር፤ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ መድረኩ ይታመሳል፣ ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ ነባሮቹ ሥርዓቱን ያስለምዷቸውና ይረጋጋል። ከ1993 ወዲህ ግን የኢንተርኔት ኩባንያዎች ደንበኞቻቸውን በብዛት ወደ መረቡ ማስገባት ጀመሩ። የአዲሱ ሰው ብዛት ከነባሩ የማስተማር አቅም በለጠ፤ ነባሮቹም ያን ዘመን መቼም የማያልቅ ሴፕቴምበር ሲሉ ሰየሙት።

የዲላው ግሩፕ ችግር ከዚህ ጋር አንድ ነው። ሶንጎ አዲስ ሰው የሚቀበለው በአንድ ጊዜ ጥቂት ነው፤ ዳር የተቀመጠውን የሚያርቁት ሽማግሌዎች ከእሱ ይበዛሉ። ግሩፑ ደግሞ በአንድ ማታ ከነባሩ የሚበልጥ አዲስ ሰው ይቀበላል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሥርዓቱን ማን ለማን ያስተምር?

ተማሪን ሁለት ወር ዝም ብለህ አንብብ ማለት አይቻልም፤ ምዝገባው ያልፍበታል። ግማሽ ሰዓት ግን ይችላል። መጀመሪያ ፒን የተደረገውን ማንበብ፣ ቀጥሎ የፍለጋ ሳጥኑ ላይ «ምዝገባ» ወይም «ዶርም» ብሎ ጽፎ የቀደመውን መልስ ማየት፣ ከዚያ የዛሬውን ወሬ ወደ ኋላ ሄዶ ማንበብ። ይህን ያደረገ ልጅ ጥያቄው ራሱ ይለወጣል። «ምዝገባ እንዴት ነው?» ከማለት ይልቅ እንዲህ ይጽፋል፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ከሻሸመኔ ተነሥቼ እመጣለሁ። ፒን የተደረገውን አንብቤአለሁ። የ12ኛ ክፍል ኦሪጅናል ወረቀቴ ገና አልደረሰም፤ በኮፒ የተመዘገበ አለ?» እንዲህ ላለ ጥያቄ መላሹ በአንድ መስመር ይመልሳል። ጠያቂው የራሱን ድርሻ እንደሠራ ስለታየ የሚቆጣም የለም። መልሱን ካገኘ በኋላ ደግሞ ነገሩ እንዴት እንደተጠናቀቀ ተመልሶ ቢጽፍ፣ ከኋላው ለሚመጣው ወረቀቱ ያልደረሰለት ልጅ መንገድ ጠረገለት ማለት ነው። ይህን የመጨረሻውን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

በአማርኛ የውይይት መድረክ ከስልኩ ዘመን በፊትም ነበረን። ሳይበር ኢትዮጵያ በተባለው ድረ ገጽ ላይ የነበረው «ዋርካ» በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ ሲከራከሩበት የኖረ መድረክ ነው። በ1998 ዓ.ም. ድረ ገጹ አገር ውስጥ እንዳይታይ ከተዘጉት መካከል ነበር። ለፖለቲካ፣ ለሥነ ጽሑፍና ለአጠቃላይ ጨዋታ ለየብቻ ቤት ነበረው፤ አዲስ ሰው መጀመሪያ የሚጠበቅበት የቱ ወሬ የየትኛው ቤት እንደሆነ ማወቅ ነበር። ዛሬ ቴሌግራም ላይ ብዙው ግሩፕ አንድ ክፍል ብቻ ያለው ቤት ነው። በዲላ ከተማ ነዋሪዎች ግሩፕ የአንድ አባት ሞት ተነግሮ «ነፍስ ይማር» እየተባለ ሳለ ከሥሩ የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ከዚያ የቡና ዋጋ ይጠየቃል። አስተዋዋቂው ለቅሶ ቤት ገብቶ እንዲህ አያደርግም። ስልኩ ላይ ግን ለቅሶ ቤት መግባቱን አላየም፤ ከላይ ያለውን ሳያነብ ነው የለጠፈው። በግሩፑ ውስጥ ፕሮቴስታንቱም ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም አለ፤ አንዱ የሌላውን በዓልና ጾም እየጠበቀ የሚኖርባት ከተማ ናት። ለራሱ እምነት ሰዎች ብቻ የሚናገር መስሎት የሚሰብክ ወይም የሚተች አዲስ አባል፣ ማን ፊት እንደቆመ ቢያውቅ ቃሉን ይመርጥ ነበር።

ቋንቋችን የሚያመጣው የራሱ ፈተናም አለ። አማርኛ ሰውን ሳያውቁ መልስ የሚጽፉበት ቋንቋ አይደለም፤ ወንድ ነው ሴት፣ እኩያ ነው ትልቅ የሚለውን ሳይወስኑ «ተሳስተሃል» ማለት አይቻልም። ሰፈር ውስጥ ጋሼ ወይም እትዬ የምንለውን ሰው ፎቶ የሌለው አካውንት ስላየነው ብቻ «አንተ ምን አገባህ» ብለን እንጽፍለታለን። ጸሐፊው የክፍል መምህራችን ሊሆን ይችላል፤ ልጇን ዩኒቨርሲቲ ልካ ስለ ግቢው ደኅንነት ለማወቅ የገባች እናት ልትሆን ትችላለች። ካላወቁ «እርስዎ» ብሎ መጀመር ማንንም ጎድቶ አያውቅም፤ የተባለው ሰው እኩያ ከሆነ «ኧረ አንተ በለኝ» ይላል፣ መግባባትም ከዚያ ይጀምራል። ዓረፍተ ነገሩን ከሰውየው ወደ ጉዳዩ ማዞርም ይቻላል። «ይህ ወሬ የተገኘው ከየት ነው?» የሚለው ጥያቄ «ውሸታም ነህ» ሊያገኝ የማይችለውን መልስ ያመጣል።

የፊደል ስሕተት እየለቀመ የሚስቅ ሰው ግን ከሁሉ ይልቅ ያናድደኛል። ዲላ አማርኛ የሚነገርባት ከተማ ብትሆንም ከሚጽፈው ሰው ብዙው አፉን የፈታው በሌላ ቋንቋ ነው፤ በጌዴኡፋ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ። ከጌዴኦ ወረዳዎች ቡሌ ወይም ገደብ ተወልዶ በሁለተኛ ቋንቋው የጠየቀ ልጅ ጥያቄው ተትቶ ፊደሉ ሲታረምለት ሁለተኛ አይጽፍም። ግሩፑም የቡሌን ነገር የሚነግረውን ሰው ያጣል። «ሐ» እና «ሀ» እየተለዋወጡ ሲጻፉ አማርኛ ተናጋሪው ራሱ የማይስማማበትን ነገር ለማሾፊያ ማድረግ ነውር ነው።

ፎርዋርድ የሚደረገው ወሬ ግን ከማናደድም ያልፋል። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሁለት መንገደኞች በረሃ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይለዋወጣሉ፤ የት እንዳዩት፣ ከማን እንደሰሙት፣ መቼ እንደሆነ ይጠያየቃሉ። የተሳሳተ ወሬ ማስተላለፍ የሚያስወቅስና የሚያስቀጣ ነው፤ የውሃና የግጦሽ ወሬ ውሸት ከሆነ ከብት ያልቃል። የጌዴኦ ጎረቤት የሆኑት ሲዳማዎች ደግሞ «አፊኒ» አላቸው፦ ጉዳይ ለሸንጎ ሲቀርብ አስቀድሞ ነገሩን ሰምታችሁ አውቃችኋል ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ ሳይሰማ የሚፈርድ እንዳይኖር ነው። ፎርዋርድ የሚለውን ቁልፍ ከመጫን በፊት የሚያስፈልገው ጥያቄ ከእነዚህ ሁለቱ የተለየ አይደለም። ማን አየው? የት? መቼ? ሌላው ሰው ሰምቷል ወይ?

በጌዴኦ ይህ የጨዋታ ጉዳይ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ አብዛኛው ጌዴኦ ነበር። ሁለቱ ሕዝቦች ለዘመናት ሲጋቡ፣ ሲገበያዩ፣ ደም ሲፈስ ደግሞ ጎንዶሮ በሚሉት የዕርቅ ሥርዓት ሲታረቁ የኖሩ ናቸው። ያ ቁስል ባለበት አገር «እዚህ ቦታ ሰው ሞተ» የሚል ምንጭ የሌለው መልእክት በሌላ ዓመት ከተነሣ ፎቶ ጋር ሲመጣ፣ አዲስ አባል ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ በጎ ነገር አለማስተላለፍ ነው። ሕጉም አለ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጥላቻን የሚያሠራጭ ሰው እስከ ሁለት ዓመት ሊታሰር እንደሚችል ይደነግጋል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ሐሰተኛ መረጃ የሚያሠራጭ ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት። አዋጁ የሚደርሰው ግን ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ከራስ ስልክ ጠፍቶ ሌላው ስልክ ላይ የቀረውን ማንም አይመልሰውም። የተሳሳተ ነገር ያስተላለፈ ሰው መልእክቱን ዝም ብሎ ከማጥፋት ይልቅ እዚያው፣ ያንኑ ሰው ፊት «ያልኩት ትክክል አልነበረም» ብሎ መጻፍ አለበት፤ ሲያነበው ያየው ሰው ማስተባበያውንም ማየት ይገባዋልና።

እስካሁን ሸክሙን አዲሱ ላይ ጫንኩት። ነባሩም ዕዳ አለበት። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አዲስ ገቢዎችን አትንከሱ የሚል የታወቀ መመሪያ አለው፤ አዲስ ሰው ደንብ ሲስት ባለማወቅ እንደሆነ ቆጥሮ በጎ ግምት መስጠት የነባሩ ግዴታ ነው ይላል። ሀይቻ ወጣቱን ሰው ፊት አያዋርደውም፤ ቢያዋርደው ወጣቱ አይመለስም፣ ሀይቻውም የሚተካውን ያጣል። አድሚንም እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ አድሚኖች ያለ ክፍያ፣ ከጥናታቸው ሰዓት ቆርሰው የሚሠሩ ልጆች ናቸውና ልናመሰግናቸው ይገባል፤ ነገር ግን መሣሪያቸውን አያውቁትም። ቴሌግራም ላይ አንድ አባል ከጻፈ በኋላ እንደገና ለመጻፍ ከጥቂት ሴኮንድ እስከ አንድ ሰዓት እንዲጠብቅ የሚያደርግ ማዘግያ አለ። በጥሪው ሰሞን ግሩፑን ከመዝጋት ያን መክፈት ይሻላል። የተቆጣው ሰው ሳይባረር ይበርዳል፤ ጠያቂውም ሳይታገድ ይጠይቃል። ነገርን ለሌላ ቀን የሚቀጥሩት ሽማግሌዎች ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው። ፒን የሚደረገውም ደንብ ብቻ አይሁን፤ ስለ ብርድ ልብሱ፣ ስለ ዶርሙ፣ ከመናኸሪያ ወደ ግቢ ስለሚወስደው ባጃጅ በየዓመቱ የሚጠየቀውን ከነመልሱ አንድ ላይ ጽፎ ማስቀመጥ የነባር ተማሪ የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

ሶንጎን እንዳደነቅሁት አድንቄ ብተወው ግን እውነቱን መሸፈን ይሆንብኛል። የሶንጎ መቀመጫ በልማድ የወንዶች፣ ያውም የአዛውንቶች ነው። ሴት ጉዳይዋ ይታይላታል፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጣ ግን አትፈርድም። ወጣት ማዳመጥ አለበት የሚለው ሥርዓት አንዳንዴ ወጣት አፍ የለውም ወደሚል ይዞራል። ግሩፑ ይህን ሰብሯል። የ18 ዓመት ልጅ ከገደብ ወጥታ ሺህ ሰው ፊት ትጠይቃለች፣ ትከራከራለች፣ ሲኒየሩን ታርማለች። ስለዚህ አዳምጡ የምለው ዝም በሉ ማለቴ አይደለም።

ያ የተከፈተ በር ግን በሌላ በኩል እየተዘጋ ነው፤ የሚዘጉትም ብዙ ጊዜ ግሩፑ ላይ ጨዋ የሚመስሉ ሰዎች ናቸው። አንዲት ልጅ «የሴቶች ዶርም ውሃ አለው?» ብላ ከጠየቀች ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ኢንቦክሷ ይሞላል። «ሰላም ቆንጆ»፣ «ዲላ ስትመጪ እቀበልሻለሁ»፣ «ለምን አትመልሺም?» ጥያቄዋን ግሩፑ ላይ የመለሰላት የለም። በሚቀጥለው ጊዜ ጥያቄዋን በወንድሟ አካውንት ታስጠይቃለች፣ ወይም ስሟን ለውጣ በወንድ ስም ትገባለች፣ ወይም ትተዋለች። ግሩፑ ላይ የተጠየቀን ጥያቄ ግሩፑ ላይ መመለስ፣ ፈቃድ ሳይጠይቁ ኢንቦክስ አለመግባት፣ የተላከላትን መልእክት ስክሪንሾት አድርጋ ለአድሚን ስታሳይ አድሚኑ «ብሎክ አድርጊውና ተይው» ከማለት ሰውየውን ማስወጣት፤ ይህ ከደንቦቹ ሁሉ ፊት መጻፍ ያለበት ነው። ከአድሚኖቹ መካከልም ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፤ ስክሪንሾቱን ለማን እንደምታሳይ አዲሷ ልጅ ገና ስትገባ እንድታውቅ።